ቤት ውስጥ ሙዚቃ ለመቅዳት የትኛው ዕቃ ይሻላል? ስልክ፣ ዩኤስቢ ማይክ ወይስ ሳውንድ ካርድ

ቤቱ ውስጥ ሊቀዳ ያሰበ ሰው ከሁሉ በፊት የሚሰማው ምክር «ኮንዴንሰር ማይክ ግዛ» የሚል ነው፤ ኮንዴንሰር ማለት ዝቅ ያለውንም ድምፅ አጥርቶ የሚይዝ ስስ ማይክ ነው። ዩቲዩብ ላይ እንዲህ የሚመክሩት ብዙዎቹ ግድግዳቸው የተሸፈነ፣ ጎረቤታቸው የራቀ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ከአጥሩ ወዲያ በያጅ ላለበት ሰው ግን ምክሩ አይሠራም። ማይኩ ከዘፋኙ ጋር በያጁንም፣ የጎረቤቱን ቴሌቪዥንም፣ የውሻውንም ጩኸት ይቀዳል። ይህ ንጽጽር የተጻፈው አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ዳር፣ በኪራይ ቤት ወይም በኮንዶሚኒየም ለሚኖር፣ ድምፁን፣ ክራሩን፣ ማሲንቆውን ወይም ጊታሩን በአነስተኛ ገንዘብ መቅዳት ለሚፈልግ ሰው ነው።

ዋጋ በብር አልጻፍኩም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ የብር ዋጋ ነገ ሰው ያሳስታል። በዶላር የምጠቅሰው ዕቃው ውጭ አገር የሚሸጥበትን ግምት ነው። መርካቶ ሲደርስ ቀረጡም የነጋዴው ትርፍም ይታከልበታል።

ክፍሉን ሳታዩ ማይክ አትምረጡ

ክፍሉ መሐል ቁሙና አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ባዶ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ከሆነ ከጭብጨባው በኋላ «ዝርርር» የሚል ጭራ ትሰማላችሁ፤ ፊት ለፊት የቆሙት ራቁት ግድግዳዎች ድምፁን እየተቀባበሉት ነው። ያ ጭራ አንዴ ቮካሉ ውስጥ ከገባ በሚክስ፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች በኋላ ስታመጣጥኑ፣ አይወጣም። ደረቅ ቀረጻ ላይ ሪቨርብ (በሶፍትዌር የሚሠራ የክፍል ማስተጋባት) መጨመር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ የተቀዳ ኢኮን ማውጣት ግን ለባለሙያም ፈተና ነው። ያንኑ ጭብጨባ አልጋ፣ ልብስ የሞላ ቁም ሣጥንና ወፍራም መጋረጃ ባለበት መኝታ ቤት ሞክሩት። በሁለቱ ክፍሎች መካከል የምትሰሙት ልዩነት በርካሽና በውድ ማይክ መካከል ካለው ልዩነት ይበልጣል።

የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ የቆየ ልማድ ነው፤ ድካሙን ግን አይክስም። ካርቶኑ ቀጭንና ቀላል ስለሆነ ከቀጭኑ ድምፅ ጥቂት ቢቀንስ ነው። ወፍራሙን አይነካውም፣ ከውጭ የሚመጣን ጩኸት ደግሞ ጨርሶ አያግድም። የጥጥ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ ወይም ተደራርቦ የታጠፈ ጋቢ ይሻላል። ብዙ ሰው ፍራሹን ከማይኩ ጀርባ ያቆመዋል። ዘፈን የምንቀዳባቸው አብዛኞቹ ማይኮች ግን አብልጠው የሚሰሙት በፊታቸው በኩል ያለውን ነው፤ በፊታቸው ያለው ደግሞ ዘፋኙና ከዘፋኙ ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው። ያላችሁ ፍራሽ አንድ ብቻ ከሆነ ከዘፋኙ ጀርባ አቁሙት። የማይኩን ጀርባ ደግሞ ጩኸት ወደሚመጣበት መስኮት አዙሩት።

የክረምት ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ የሚያድን ማይክ የለም። ያኔ የሚቀዳው ወይ ኤሌክትሪክ ክራር ነው፣ ወይ ኪቦርድ ነው፣ በኬብል ቀጥታ የሚገባ ነገር።

ዳይናሚክ ወይስ ኮንዴንሰር?

ዳይናሚክ ማይክ፣ መድረክ ላይ በእጅ የሚያዘው ጠንካራው ዓይነት፣ ጩኸት «ይመርጣል» ሲባል ትሰማላችሁ። አይመርጥም። ጥቅሙ በጣም ተጠግቶ መዝፈን የሚቻልበት መሆኑ ነው። ከማይክ ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር የዘፋኙ ድምፅ ወደ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ የክፍሉ ጩኸት ግን ባለበት ይቆያል። ከ5 ሴንቲ ሜትር የተዘፈነ ድምፅ ከ20 ሴንቲ ሜትር ከተዘፈነው 12 ዴሲቤል ያህል ጎልቶ ይገባል ማለት ነው። ጌይኑን (የማይኩን ድምፅ የሚያጎላውን ቁልፍ) በዚያው ልክ ስትቀንሱ በያጁም አብሮ ይቀንሳል። ኮንዴንሰርን እንዲህ ብትጠጉት «ፐ» እና «ጰ» ባላችሁ ቁጥር ይፈነዳባችኋል።

ሹር ኤስኤም57 ከ1965፣ ኤስኤም58 ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበያ ላይ ናቸው። ሁለቱም 100 ዶላር ገደማ ሲሆኑ ከእጅ ቢወድቁም ይሠራሉ፤ ከዓመታት በኋላም ገዢ አያጡም። ኤስኤም58 ለድምፅ፣ ኤስኤም57 ለመሣሪያና ለጊታር አምፕ የተለመደ ነው፤ አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባም የሚያስቀይም ነገር የለውም። ገንዘቡ ካልደረሰ የቤሪንገር ኤክስኤም8500 የዚያን ሩብ ወይም ሲሶ ያህል ያወጣል። ላይኛው ድምፁ ትንሽ ይሾላል እንጂ ለመጀመሪያ ሥራ አያሳፍርም።

ኮንዴንሰር የሚያስፈልጋቸው ግን አሉ። በገና የሚደረድር ሰው ከእነዚህ የመጀመሪያው ነው። የአሥሩ ጅማቶች ድምፅ ዝቅ ያለ ነው፤ ያንን እንደ ንብ የሚያጉረመርም ቃና የሚሰጡት ደግሞ ከጅማቶቹ ሥር የሚገቡት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች፣ እንዝራዎቹ ናቸው። ዳይናሚክ ማይክ ይህን ሲቀዳ ጌይኑ እስከ ጥግ ስለሚሄድ ሽሽታው፣ ያ ዕቃው ራሱ የሚያወጣው «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ፣ ከበገናው እኩል ይሰማል። ኮንዴንሰር ስትመርጡ ዕቃው ራሱ የሚያመነጨውን ሽሽታ እዩ፤ መግለጫው ላይ በዴሲቤል ተጽፏል። ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤቲ2020 ላይ 20 ነው፣ ሮድ ኤንቲ1-ኤ ላይ 5 ነው። ለዘፈን 20ው አያስቸግርም፤ ለበገና ግን ልዩነቱ ይሰማል። በገና የሚቀዳው ሌሊት ነው፣ ሰፈሩ ሲተኛ። ለእሱ ጸጥታው ከማይኩ እኩል ዕቃ ነው።

ቢኤም-800 ስለሚባለው ርካሽ ኮንዴንሰር ማይክና ቪ8 ስለሚባለው ሳውንድ ካርድ (ማይክ ተሰክቶበት ድምፁን ወደ ኮምፒዩተር ወይም ስልክ የሚያስገባ ሳጥን) ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቶ «ለቀረጻ» ላለ ሰው መጀመሪያ የሚወጣለት ይሄ ጥንድ ነውና። ቪ8 የተሠራው ለቲክቶክ ላይቭ ነው፦ ድምፅ የሚቀይሩ ቁልፎች፣ የጭብጨባና የሳቅ ድምፅ፣ ለስልክ የሚሆን ቀዳዳ። ለዚያ ሥራ ይበቃል። ትራክ በትራክ፣ ማለትም እያንዳንዱ ድምፅና መሣሪያ ለየብቻ፣ ለሚቀዳ ሙዚቃ ግን ሽሽታው ይበዛል፣ አንድ ዘፈን ላይ አሥር ትራክ ስትደርቡ ደግሞ ሽሽታውም አብሮ ይደረባል። ቢኤም-800 ላይ ያለኝ ቅሬታ ከማይኩ ይልቅ አብሮት በሚመጣው ቀጭን ጃክ ያለው ኬብል ላይ ነው። ማይኩን በዚያ ኬብል ኮምፒዩተር ላይ ስትሰኩት የሚፈልገውን የ48 ቮልት ፋንተም ፓወር (ሳውንድ ካርዱ በማይኩ ኬብል የሚልከውን ኃይል) አያገኝም፤ ድምፁ ይደክማል። እውነተኛ የኤክስኤልአር ኬብል (ባለ ሦስት እግሩን የማይክ ኬብል) ገዝታችሁ ፋንተም ያለው ሳውንድ ካርድ ላይ ብትሰኩት ከዋጋው በላይ ያገለግላል። እጃችሁ ላይ ካለ አትጣሉት። ከሌለ አትግዙት።

ስልክ እስከ የት ያደርሳል?

ዜማ መጥቶላችሁ እንዳይጠፋ፣ ግጥም ለአቀናባሪ ለመላክ፣ ልምምድን መልሶ ለመስማት ስልክ በቂ ነው፤ ገንዘብ አታውጡ። ለሚወጣ ሥራ ስትፈልጉት ግን ሁለት ነገር ያስቸግራል። አንደኛው ብዙ ስልኮች ድምፁን በራሳቸው ፈቃድ ከፍና ዝቅ ማድረጋቸው ነው። ከበሮ አንዴ ሲመታ ዘፋኙ ይሸሻል፣ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ የክፍሉ ጩኸት ያብጣል። ይህን የሚያጠፋ፣ በዌቭ ፎርማት (ድምፁን ሳያሳንስ በሚያስቀምጠው) የሚቀዳ አፕ ፈልጉ። አይፎን ያለው ሰው ጋራዥባንድ በነጻ አለው፤ አንድሮይድ ላይ ባንድላብ ብዙ ትራክ ይደርባል።

ሁለተኛው ብዙ ሰው ስልኩ ላይ የሚሰካው ክሊፕ ማይክ ነው። ቦያ ቢዋይ-ኤም1 6 ሜትር ኬብል ያለው፣ ለቃለ መጠይቅ ደህና የሆነ ማይክ ነው። ግን ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ነው የሚሰማው፤ ከላይ ያልነው የጀርባና የፊት ጨዋታ ለእሱ አይሠራም። ሸሚዝ ላይ ተሰክቶ ለንግግር ያማረው፣ ለዘፈን ሲሆን ከነክፍሉ ይመጣል።

የእጅ መቅጃ፣ ለምሳሌ ዙም ኤች1ኤን፣ ከስልክ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ላዩ ላይ ሁለት ማይክ አለው፣ በሁለት ትንንሽ ባትሪ ይሠራል፣ በ24 ቢት (የቀረጻ ጥራት መለኪያ ነው) ይቀዳል። መብራት በሌለበት ገጠር የአዝማሪ ወይም የዋሽንት ተጫዋች ድምፅ ለማስቀረት ለሚሄድ ሰው ከዚህ ዝርዝር ውስጥ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ ትራክ እየደረበ ለሚሠራ ግን ገንዘቡ ወደሚቀጥለው ቢሄድ ይሻላል።

ዩኤስቢ ማይክ ወይስ ሳውንድ ካርድ?

ዩኤስቢ ማይክ ቀላል ነው፤ ሰክቶ መቅዳት ብቻ። ብቻውን ለሚዘፍንና ቢቱን፣ ማለትም የዘፈኑን ሙዚቃ፣ ከሌላ ሰው ለሚቀበል ልጅ ይበቃዋል። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው፤ ሁለተኛ ማይክ ሲያስፈልግ ሁለት ዩኤስቢ ማይክ ባንድ ኮምፒዩተር ላይ በሰላም አይሠሩም፣ የተለያየ ሰዓት እየቆጠሩ ቀስ በቀስ ይላቀቃሉ። በዚህ መንገድ ለመሄድ ከወሰናችሁ ሁለቱም ዓይነት መውጫ ያለውን ግዙ። ሳምሶን ኪው2ዩ እና ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤቲአር2100ኤክስ ዩኤስቢም ኤክስኤልአርም አላቸው፤ ሁለቱም ዳይናሚክ ናቸው። ነገ ሳውንድ ካርድ ስትገዙ ማይኩ አብሯችሁ ይሻገራል።

ከሳውንድ ካርዶች ርካሹና በብዛት የሚታየው የቤሪንገር ዩኤም2 ነው። አንድ የማይክ መግቢያና አንድ የጊታር መግቢያ አለው፤ 48 ቮልት ይሰጣል፣ በ16 ቢት ይቀዳል። ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ መግቢያው ተመሳሳይ ሆኖ በ24 ቢት የሚቀዳ፣ ጌይኑ ሲከፈት የማይሻሻ ነው። ዋጋው ግን ከዩኤም2 እጥፍ ያልፋል። ድምፃችሁ ጠንካራ ከሆነና ማይኩን ተጠግታችሁ የምትዘፍኑ ከሆነ ልዩነቱን ሰሚው አይለየውም። ድምፃችሁ ለስላሳ ከሆነ ወይም መሣሪያ ከራቅ አድርጋችሁ ለመቅዳት ካሰባችሁ ዩኤም2 ላይ ጌይኑ መጨረሻው ሲደርስ ሽሽታው ይወጣል።

እዚህ ላይ ሰው የሚያልፈው ጥያቄ የማይክ መግቢያው ስንት ነው የሚለው ነው። ዩኤም2ም ሶሎም አንድ ብቻ ናቸው። ኤሌክትሪክ ክራር ለሚጫወት ዘፋኝ ይበቃል፤ ክራሩ በጃክ ጊታር መግቢያው ላይ፣ ድምፁ ማይክ መግቢያው ላይ። ክራሩ ተራ የእንጨትና የቆዳ ከሆነ ወይም ማሲንቆ ከሆነ ግን ሁለተኛው ማይክ የሚገባበት የለም።

አዝማሪን አስቡት። መዝፈኑንና መምታቱን ለያይቶ አይቀዳም፤ ለያይታችሁ ብታስቀዱት ያ የቃልና የገመድ መመላለስ ይሞታል። ማሲንቆው ጭኑ ላይ ነው፣ አፉ ከዚያ ግማሽ ሜትር ያህል በላይ። የድምፁን ማይክ ከአገጩ ዝቅ አድርጋችሁ ወደ አፉ ቀና አድርጉት፤ ጀርባው ማሲንቆውን ያያል፣ ስለዚህ ያንን ቀንሶ ይሰማል። ሁለተኛውን ከማሲንቆው ቆዳ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁና ወደ ሳጥኑ አዙሩት፤ ጭራው ክሩን የሚፈገፍግበት ቦታ ላይ ቀጥታ ካነጣጠራችሁት ሻካራው ብቻ ይመጣል። ከዚያ አንድ ጥቅስ አስመቱትና ሄድፎን አድርጋችሁ የማሲንቆውን ማይክ በእጃችሁ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሱት። ድምፁ የሚሳሳበትና የሚሞላበት ቦታ አለ፤ ሲሞላ አቁሙ። ለዚህ ሥራ ሁለት የማይክ መግቢያ ግድ ነው፦ ስካርሌት 2አይ2 ወይም ከእሱ የሚረክሰው ቤሪንገር ዩኤምሲ202ኤችዲ። ሁለት ዕቃ የመግዛት አቅም ከሌለ አንድ ማይክ ከአንድ ሜትር ርቀት፣ ፍራሽ በተከበበ ክፍል ውስጥ፣ ሁለት በጥድፊያ ከተቀመጡ ማይኮች የተሻለ ያወጣል።

ክራር ሲቀዳ ማይኩን ጣት ከሚመታበት ቦታ ዘወር አድርጉት። ዋሽንት ላይ ማይኩ ትንፋሹ ከሚወጣበት መስመር ውጭ ይሁን። ከበሮ ላይ ደግሞ ከአንድ ሜትር በላይ ራቁና ጌይኑን ዝቅ አድርጉ።

መብራት

ከላይ የጠቀስኳቸው ሳውንድ ካርዶች ኃይል የሚስቡት ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ነው። መብራት ቢጠፋ የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ድረስ ቀረጻው አይቋረጥም። ለብቻው ተሸጦ ግድግዳ ላይ የሚሰካው የፋንተም ሳጥን ግን መብራት በጠፋ ቅጽበት ማይኩን ይዞ ይሞታል። ዴስክቶፕ ያለው ሰው ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ካልጨመረ በስተቀር ጥሩ ቀረጻ መሐል ላይ መብራቱ ሲሄድበት ይኖራል።

ሄድፎን ላይ የማያቋርጥ «ኡምምም» ከሰማችሁ ማይኩን ከመስደባችሁ በፊት የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። በአሮጌ ቤቶች ብዙ ጊዜ ሶኬቱ ኧርዚንግ የለውም፣ የ50 ኸርዝ ሁካታው በቻርጀሩ በኩል ይገባል። ሲነቀል ከጠፋ፣ በባትሪ ቅዱ። ምጣድ በተጣደበት ሰዓት መቅዳትም አይመከርም፤ ቮልቴጁ ሲወርድ የሚረብሸው አምፖሉን ብቻ አይደለም። ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ የምታስመጡት ዕቃ የራሱ አዳፕተር ካለው፣ ላዩ ላይ «100–240» መጻፉን ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። ለ110 ብቻ የተሠራ አዳፕተር እዚህ 220 ላይ ሲሰካ አንድ ቀን አያድርም።

ሄድፎን

ጆሮን የሚሸፍን፣ ጀርባው የተዘጋ፣ ባለ ኬብል ይሁን። ብሉቱዝ ድምፁን ስለሚያዘገይ ቢቱን እየሰሙ መዝፈን አይቻልም። ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤቲኤች-ኤም20ኤክስ 50 ዶላር ገደማ ነው። ሶኒ ኤምዲአር-7506 የዚያን እጥፍ ያወጣል፤ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስቱዲዮዎች ሲገለገሉበት የኖሩት ነው። ጀርባው ክፍት የሆነውን ለሚክስ እንጂ ለቀረጻ አትግዙ፣ ቢቱ ወደ ማይኩ ይፈስሳል።

ሶፍትዌር

ኦዳሲቲ ነጻ ነው፣ ለአንድ ድምፅና ለማጽዳት ጥሩ ነው፤ ብዙ ትራክ ያለው ዘፈን ላይ ግን ያደክማል። ሪፐር 60 ቀን በነጻ ይሞከራል፣ ከዚያ ለግል ተጠቃሚ 60 ዶላር ነው። ቀላልና ፈጣን ስለሆነ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሮጣል፤ ምርጫዬ እሱ ነው። ክራክ የተደረገ ኤፍኤል ስቱዲዮ (የሙዚቃ ማቀናበሪያ) በፍላሽ ከጓደኛ መቀበል የተለመደ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ከቫይረስ ጋር ነው የሚመጣው፤ የሥራችሁ ፋይል ያለበት ኮምፒዩተር ላይ አይጫን።

መቅጃውን 24 ቢት፣ 48 ኪሎ ኸርዝ ላይ አድርጉት፤ ካርዱ 16 ቢት ብቻ ከሆነም አትጨነቁ። በሶፍትዌሩ መለኪያ ላይ ከፍተኛው ድምፅ −12 ዴሲቤል አካባቢ ቢመታ ይበቃል፤ ቀዩን መንካት የለበትም። በ24 ቢትና በ48 ኪሎ ኸርዝ አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ 9 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። ራሳችሁን ዘግይታችሁ ከሰማችሁ በፈሩን (ኮምፒዩተሩ ድምፁን ከማሰማቱ በፊት የሚያከማቸውን መጠን) ወደ 128 አውርዱት፤ ዊንዶውስ ላይ ካርዱ የራሱ አሲዮ ድራይቨር (መዘግየቱን የሚቀንስ ማገናኛ ፕሮግራም) ከሌለው አሲዮ4ኦል የሚባለውን ነጻ ድራይቨር ጫኑ። ሚክስ ስትጀምሩ በፈሩን መልሳችሁ ከፍ አድርጉት፣ አለበለዚያ ላፕቶፑ ይንተባተባል።

የድምፅ ማስተካከያው፣ ማለትም ኦቶ ቲዩን የሚባለው፣ ላይ ግን ልቆይ። እንደመጣ ሲከፈት 12ቱንም ኖታ ይፈቅዳል። ዘፈናችሁ ከዶ የሚነሣ ትዝታ ሜጀር ከሆነ የሚፈለጉት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ናቸው። ሌሎቹን አጥፏቸው፤ ያለዚያ የተንሸራተተ ድምፅ ከቅኝቱ ውጭ ወዳለ ቅርብ ኖታ ይጎተታል። ሪፐር ውስጥ ያለው ሪቲዩን ይህን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሠራል። አንቺሆዬ ላይ ደግሞ ጭራሽ እንድትተዉት እመክራለሁ። አንዳንዶቹ ድምፆቹ የፒያኖ ቁልፍ ላይ በትክክል አይቀመጡም፤ መሣሪያው «ሲያስተካክላቸው» ቅኝቱን ያፈርሰዋል። እዚያ ላይ መፍትሔው እንደገና መዝፈን ነው።

እንግዲህ ምን ይገዛ?

100 ዶላር አካባቢ ላለው ዘፋኝ፦ ኤክስኤም8500፣ ዩኤም2፣ ደህና ኬብልና ስታንድ። ሄድፎን ለጊዜው ከጓደኛ ይዋስ። ከ350 ዶላር በላይ ያለው፣ በተለይ እየመታ የሚዘፍን፦ ስካርሌት 2አይ2፣ አንድ ኤስኤም57 ወይም 58፣ ኤም20ኤክስ፤ ሁለተኛው ማይክ ርካሹ ኤክስኤም8500 ቢሆን ችግር የለም። ለበገና ኤንቲ1-ኤ እና ሽሽታው ያነሰ ሳውንድ ካርድ። ስልክ ብቻ ያለው ደግሞ ስልኩን ይዞ ቁም ሣጥኑ አጠገብ ይጀምር፣ ገንዘቡ እስኪሞላ ክፍሉን ያስተካክል።

ሱቅ ስትሄዱ ላፕቶፓችሁን፣ የራሳችሁን ኬብልና ሄድፎን ይዛችሁ ሂዱ። ሳውንድ ካርዱን ሰክታችሁ፣ ማይክ ሳይገባበት ጌይኑን ቀስ እያላችሁ እስከ መጨረሻው ክፈቱና ሽሽታውን ስሙ። ቁልፉ ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ሌላ አስወጡ። 48 ቮልቱን አብርታችሁ ኮንዴንሰር ሞክሩበት። ኤስኤም58 በጣም ረክሶ ካገኛችሁት የተመሳሰለ መሆኑን ጠርጥሩ፤ የዚህን ማይክ ያህል የሚኮረጅ ጥቂት ነው። እውነተኛው ያለ ኬብል 298 ግራም ይመዝናል፣ የተኮረጀው ብዙ ጊዜ ይቀልላል። ባለሱቁ ሚዛን ከሌለው አጠገብ ያለው ቅመም ቤት አያጣም።